ከአምስት ሺሕ ዓመት በኋላ የተመለሰው መቃብር

በእንግሊዝ አገር ከሚሞተው ሰው የሚበዛው አስከሬኑ ይቃጠላል። ቤተሰቡ አመዱን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያስ? አንዳንዱ ባሕር ላይ ይበትነዋል፤ አንዳንዱ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። መቃብር ሄዶ ማልቀስ ለለመድን ለእኛ ሲሰሙትም ይከብዳል።

ዊልትሻየር በሚባለው አካባቢ፣ በኦል ካኒንግስ መንደር የሚኖረው ገበሬ ቲም ዳው መፍትሔውን ከጥንት ሰዎች ወሰደ። ከመንደሩ ብዙ ሳይርቅ ዌስት ኬኔት የተባለ የመቃብር ጉብታ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3650 ገደማ የተሠራ፣ 100 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በአንድ ጫፉ አምስት የድንጋይ ክፍሎች ያሉት ነው። ዳው እ.ኤ.አ. በ2014 የዚህን ዓይነት ጉብታ በራሱ መሬት ላይ አሠራ። ከውጭ ሲያዩት ሣር የለበሰ ኮረብታ ይመስላል። ውስጡ በድንጋይ የተገነቡ ክፍሎች አሉ፤ በግድግዳዎቻቸው ላይ አመድ የያዙ ዕቃዎች የሚቀመጡባቸው ቀዳዳዎች ተሠርተዋል። መግቢያው የቀኑ ብርሃን ከሁሉ በሚያጥርበት ዕለት (በእኛ ታኅሣሥ 12 ገደማ) የማለዳ ፀሐይ ወደ ውስጥ እንድትገባ ተደርጎ ተቀይሷል። ሃይማኖት አይጠየቅም። ከዚያ ወዲህ በኬምብሪጅሻየርና በሽሮፕሻየርም ተመሳሳይ ጉብታዎች ተገንብተዋል።

ነገሩ ሁሉ የቆመው በአንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ዊልያም ፕራይስ የተባለ የዌልስ ሐኪም የሕፃን ልጁን አስከሬን ሊያቃጥል ሲል ተይዞ ካርዲፍ ላይ ተከሰሰ። ሰውየው ራሱን የጥንት ካህናት ወራሽ አድርጎ የሚቆጥር ነበር። ዳኛው ስቲፈን ሕዝብን እስካላወከ ድረስ አስከሬን ማቃጠል ወንጀል አይደለም አሉ። ዝርዝር ሕጉ የወጣው ከ18 ዓመት በኋላ፣ በ1902 ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የጊዜው ጉዳይ ነው። በእንግሊዝ የማዘጋጃ ቤት መካነ መቃብር ውስጥ እንኳ የመቃብር ቦታ መብት ከ100 ዓመት ለበለጠ ጊዜ አይሰጥም፤ የ1977ቱ ደንብ ይህን ይከለክላል። የግል ጉብታ ደግሞ ውልና የመሬት ባለቤትነት ነው የሚያቆመው። ድንጋዩ ይቆይ ይሆናል፤ ጠባቂው ግን? ዌስት ኬኔት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት መሠረት የመጀመሪያዎቹን ሙታን የተቀበለው ለአንድ ትውልድ ያህል ብቻ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላም በግዙፍ ድንጋዮች ተዘጋ።

ስለዚህ እዚያ ቦታ የሚገዛ ሰው ስለ ፀሐይዋ ከመጠየቁ በፊት ውሉን ያንብብ። መሬቱ ቢሸጥ አዲሱ ባለቤት ይገደዳል? ልጆቹ ገብተው የመጎብኘት መብት አላቸው? ጣሪያው ቢያፈስ የሚያሳድሰው ማን ነው?