የአዲስ ስሪት ጥያቄ በዴቢያን

የአዲስ ስሪት ጥያቄ በዴቢያን ውስጥ ያለ ፓኬጅ ደራሲው በቅርቡ ባወጣው ስሪት እንዲተካ ከተጠቃሚ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ዴቢያን ኢያን መርዶክ በ1993 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ዛሬም በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ ስርዓተ ክወና ነው። ጥያቄው በዴቢያን የስህተት መዝገብ ላይ «ምኞት» በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ ይሰፍራል፣ ለፓኬጁ ኃላፊም በኢሜይል ይደርሳል። ይሁንና አዲስ ስሪት መውጣቱን ብቻ የሚናገር ጥያቄ ለኃላፊው እምብዛም አይጠቅምም። ብዙዎቹ ፓኬጆች የደራሲውን ገጽ የሚያስቃኝ «ዋች» የተባለ ፋይል ስላላቸው ወሬው ቀድሞ ይደርሰዋል። ኃላፊው የማያውቀው ተጠቃሚው አዲሱን ስሪት ለምን እንደፈለገው ነው፤ የጥያቄውም ዋጋ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አዲስ ስሪት መጀመሪያ የሚገባው «ሲድ» ወደሚባለው ክፍል ነው። እዚያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ከባድ ስህተት ካልተገኘበት ወደ «ቴስቲንግ» ያልፋል፤ ቴስቲንግ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ተጣርቶ «ስቴብል» ይሆናል። ስቴብል ከወጣ በኋላ የፓኬጆቹ ስሪት በአብዛኛው አይቀየርም፤ የደኅንነትና የከባድ ስህተት ማስተካከያዎች ብቻ ተለይተው በነባሩ ስሪት ላይ ይጨመራሉ። የተጠየቀው ሌሎች ፓኬጆች የሚደገፉበት ላይብረሪ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይበዛል፤ ላይብረሪው ሲቀየር በእሱ ላይ የቆሙት ሁሉ እንደገና መገንባት ሊኖርባቸው ይችላል። ስቴብልን ሳይለቅ አዲስ ስሪት ለሚሻ ሰው «ባክፖርትስ» የተባለ ማከማቻ ስላለ፣ ጠያቂው የሚፈልገው የሲዱን ይሁን የባክፖርትሱን ለይቶ መናገር አለበት።

አዲስነት ብቻውን በቂ ምክንያት አለመሆኑን በ2024 የተፈጸመው የኤክስዜድ ጉዳይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ፋይል ለማመቅ በሚያገለግለው በዚህ ሶፍትዌር 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ ሰርጎ መግቢያ ተደብቆ ነበር። በማርች መጨረሻ 5.6.1 ወደ ዴቢያን እንዲገባ የሚጠይቅ ጽሑፍ በስህተት መዝገቡ ላይ ሰፈረ፤ ማንነታቸው የማይታወቅ ሌሎች ስሞችም እየተቀባበሉ ሥራው እንዲፋጠን ወተወቱ። ጥያቄው በመልኩ ከሌሎቹ አይለይም ነበር፤ አዲስ ስሪት ወጥቷል፣ ችግር ያርማል፣ ቶሎ ይግባ የሚል ነው። ከቀናት በኋላ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢው አንድሬስ ፍሮይንድ በሲድ ማሽኑ ላይ ከርቀት የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውሎ ምክንያቱን ሲከታተል ተንኮሉን አጋለጠ። የተመረዘው ኮድ ሲድና ቴስቲንግ ደርሶ ነበር፤ ስቴብል ግን 5.4.1 ላይ ስለነበር አልተነካም።

አሮጌውም ከአደጋ ነፃ አይደለም የሚሉ ወገኖች እውነት አላቸው። በ2006 ዴቢያን ራሱ በምስጠራ ላይብረሪው በኦፕንኤስኤስኤል ላይ ያደረገው ለውጥ የምስጢር ቁልፎችን በቀላሉ ተገማች አድርጎ እስከ 2008 ሳይታወቅ ቆይቷል። ደራሲዎችም ድሮ ያረሙት ስህተት ዛሬም አቤቱታ ሲያመጣባቸው ይማረራሉ፤ የኤክስስክሪንሴቨር ደራሲ ጄሚ ዛዊንስኪ በ2016 ሥራው ከዴቢያን እንዲወጣ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ዴቢያንም ደንቡን እንደ ግድግዳ አላቆመውም። የፋየርፎክስን ማስተካከያዎች ወደ አሮጌ ስሪት መመለስ ከአቅም በላይ ስለሆነ፣ የረጅም ድጋፍ ስሪቶቹ በስቴብል ውስጥም ይታደሳሉ። ደንቡን ያላላው ግን በግልጽ የቀረበ ምክንያት እንጂ የአዲስ ቁጥር ጉጉት አይደለም።

ለምሳሌ የፊደላት ኮድ መስፈርት የሆነው ዩኒኮድ በ2021 ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚያገለግሉ 28 ፊደላትን ጨምሯል። እነዚህን የያዘ የግዕዝ ፎንት ስሪት የሚጠይቅ ሰው የትኞቹ ፊደላት ባዶ ሳጥን ሆነው እንደሚታዩ፣ የትኛው ስሪት እንደሚፈታቸው፣ እሱም ሞክሮት እንደሆነ ቢጽፍ ኃላፊው የሚመዝነው ነገር ያገኛል። ጠያቂዎች ሆይ፣ የምትልኩት መልእክት የሚደርሰው ከእንጀራ ሥራው በተረፈ ሰዓት ለሚያገለግል ሰው ሊሆን ይችላልና ምክንያታችሁን አስቀድሙ፤ ከተቻላችሁም ሙከራውን አግዙት።