ከመሰላል መውደቅ (በነፋሻማ አካባቢ)

ከመሰላል መውደቅ በግንባታ ሥራ ላይ ከሚደርሱ አደጋዎች አንዱ ነው። አጥንት መሰበር፣ የራስ ቅልና የአከርካሪ ጉዳት እንዲሁም ሞት ሊያስከትል ይችላል። ከ3 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

የጓሳ አካባቢ

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የሚገኘው ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነፋሻማ ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ነዋሪዎች ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚጠቀሙበት የጓሳ ሣር ነው። ቤቱ በሣርም ተከደነ በቆርቆሮ፣ ሠራተኛው መሰላል መውጣቱ አይቀርም። በበጋ ወራት ሌሊት የሚጥለው ውርጭ ጠዋት ላይ የመሰላሉን መርገጫ ያንሸራትታል፤ ብርዱም ጣትን ያደነዝዛል።

የነፋስ ጉልበት

የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመታው፣ በጓሳ ከፍታ ላይ የሚያርፍበት ግፊት ከ8 ኪሎ ግራም ክብደት ጋር ይቀራረባል። ፍጥነቱ 72 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ግፊቱ ወደ 32 ኪሎ ግራም ያድጋል። አየሩ በከፍታው ምክንያት ስስ ባይሆን ኖሮ ግፊቱ ከዚህም ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ቆርቆሮ ይዞ መሰላል ላይ የቆመ ሰው ሸራ እንደያዘ ይቆጠራል።

መከላከያ

* በባሕር ዛፍ ግንድ የተሠራ መሰላል እንጨቱ ሲደርቅ ሚስማሩ ስለሚላላ፣ ከመውጣት በፊት እያንዳንዱን መርገጫ መፈተሽ፤
* በየ4 ሜትሩ ከፍታ የመሰላሉን እግር ከግድግዳው 1 ሜትር ማራቅ፤
* ጫፉን ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ማሳለፍና ማሰር፤
* ቆርቆሮን በእጅ ይዞ ከመውጣት ይልቅ በገመድ መሳብ፤
* ነፋስ ሲበረታ ሥራውን ማቆም።

ሕግ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ የመጠቀም ግዴታ አለበት።

የመጀመሪያ እርዳታ

የወደቀውን ሰው ጎትቶ ማንሳት የአከርካሪ ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል። ሌላ አደጋ ከሌለ ራሱንና አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ መያዝ፣ የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ መጫን፣ ከብርድ መከለልና የሕክምና እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።