የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት (ጎንደር)

በጎንደር ከተማ በፋሲል ግቢ ውስጥ የሚገኘው ይህ ቤተ መንግሥት ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. የነገሡት የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ (አድያም ሰገድ) መኖሪያ ነበር። በኮርቻ መሰል ቅርጹ ከሌሎቹ የግቢው ሕንፃዎች ይለያል። በ1699 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ዣክ ፖንሴ ንጉሠ ነገሥቱን ለማከም ጎንደር ገብቶ ያየውን ጽፎ ለአውሮፓ አንባቢ አቅርቧል። የውስጡ ግድግዳ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል፤ ዛሬ ግን የሚታየው ባዶ የድንጋይና የኖራ ግንብ ብቻ ነው። ሕንፃው በ1704 እ.ኤ.አ. በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በ1941 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጣሊያኖችን ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ በእንግሊዝ የአየር ድብደባ ተጎድቷል። ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጎብኚዎች በፈራረሱት ግድግዳዎች ላይ ከመውጣትና ድንጋይ ከማንሳት እንዲቆጠቡ ይጠየቃሉ።