ወህኒ፦ የሚወጣበት እስር ቤት

«እገሌ ወህኒ ወረደ» እንላለን። ዘብጥያም «ይወርዳል» እንጂ «ይወጣል» አይባልም። የመጀመሪያው ወህኒ ግን የሚወጣበት ቦታ ነበር።

ወህኒ የተራራ ስም ነው። ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ዙሪያውን ገደል የከበበው አምባ ነው። ዙፋን ሊሻሙ የሚችሉ የንጉሥ ዘሮችን አምባ ላይ አግዞ የማኖር ልማድ ግን ከጎንደርም ይቀድማል። ዛሬ በንግሥ በዓሏ የምናውቃት የወሎዋ ግሸን ለዘመናት ይኸው አገልግሎት ነበራት። በ16ኛው መቶ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦር አምባዋን ሲይዝ ልማዱ ተቋረጠ። ጎንደርን የቆረቆሩት ዐፄ ፋሲለደስ (እ.ኤ.አ. 1632–1667) ሲመልሱት ወህኒን መረጡ።

ወህኒ የወጣው ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ አልነበረም። ጥፋቱ የማን ልጅ እንደሆነ ነው። ክስ የለውም፣ ፍርድ የለውም፣ የሚቆጠር ዓመትም የለውም። ከዚያ የሚያወርደው ወይ ሞት ነው፣ ወይ ዘውድ። ዐፄ በካፋ በ1721 ከመንገሣቸው በፊት የወህኒ ግዞተኛ ነበሩ። ወንድማቸው ዮሐንስ ሊያመልጡ ሞክረው እጃቸውን ተቆረጡ። በ1769 ራስ ሚካኤል ስሑል አውርደው አነገሧቸው፤ ዓመቱ ሳያልቅ ግን ተገደሉ።

በዘመነ መሳፍንት ሥልጣኑ በመኳንንቱ እጅ ሲገባ፣ የንጉሥ ልጅ የሚፈራ ሰው መሆኑ ቀረ። አምባው ባዶ ሆነ፤ ስሙ ግን ከተራራው ወርዶ የማንኛውም እስር ቤት መጠሪያ ሆነ። «ቤት» ተጨምሮበትም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስም እስከ መሆን ደረሰ። ከጣሊያንኛው «ካርቼሬ» የመጣው ከርቸሌ እንኳ ከቦታው አላፈናቀለውም።

ዛሬ መንግሥታዊው ስም «ማረሚያ ቤት» ነው። መታረም ጥፋትን ይጠይቃል፤ ጥፋት ደግሞ በፍርድ መረጋገጥ አለበት። ወህኒ የሚለው ቃል ይህን አይጠይቅም። ሰውን ስላደረገው ነገር ሳይሆን ሊያደርገው ይችላል ተብሎ ስለሚፈራው ነገር መያዝ ማለት ነው፤ ከሥር መሠረቱ። አገር ቤት ያለ ዘመዱ ሳይከሰስ ወራት እንደተቆጠሩበት በስልክ የሚሰማ ሰው፣ ከሁለቱ ስሞች የትኛው እውነቱን እንደሚናገር ለመለየት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።