ሩርና የፎገራ ሜዳ

ታኅሣሥ ሲገባ የርብና የጉማራ ውኃ ወደ ወንዙ ተመልሷል። ክረምቱን ከጣና ጋር ተቀላቅሎ ባሕር መስሎ የከረመው የፎገራ ሜዳ ይጠነክራል፤ ሩዙ ታጭዶ ይከመራል፣ ከብቱም ወደ ወል ግጦሹ ይሰማራል። በዚህ ወቅት ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዓይኑ ዛፍ ዛፉን ያያል። የሚፈልገው ለገና ጨዋታ የሚሆን፣ ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ቅርንጫፍ ነው።

ቅርንጫፉ ከተገኘ በኋላ ሥራ አለው። ቅርፊቱ ይላጣል፤ ጫፉ እንደሚፈለገው ካልጎበጠ እሳት እየነካው ይቀለበሳል፤ ከዚያም እንዳይመለስ ታስሮ ይደርቃል። ዱላው እንደ በዓሉና እንደ ጨዋታው ሁሉ ገና ይባላል። ኳሱ ሁለት ዓይነት ነው፦ ከጠንካራ የዛፍ ሥር ተጠርቦ የሚድቦለቦለው ሩርና ከጠፍር የሚጎነጎነው ጥንግ። የእንጨቱ ሩር ቅልጥም ያገኘ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ያስነክሳል፤ ሆኖም ስለ እሱ ቂም መያዝ ነውር ነው።

ጨዋታው በጎንደር ገጠር እንደ ሌላው የሰሜኑ ክፍል ሁሉ መንደር ከመንደር ወይም ላይ ቤት ከታች ቤት የሚገጥምበት ነበር። የተጫዋች ቁጥር አይወሰንም፤ የመጣ ሁሉ ይገባል። ሩሯን እየመቱ ከተጋጣሚው ወሰን ማሳለፍ ነው ነገሩ። ሲያልቅ አሸናፊዎቹ እየጨፈሩ ተሸናፊዎቹን በግጥም ይሸነቁጣሉ። ትውፊቱ ጨዋታውን የቤተ ልሔም እረኞች የጌታን መወለድ ሲሰሙ በደስታ በትራቸውን ይዘው ከመዝለላቸው ጋር ያያይዘዋል። ማዕረግ በጥብቅ በሚጠበቅበት አገር ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ወርደው የሚጋፉበት፣ ጌታው ቢመታ እንኳ የማይቆጣበት ቀን መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ከጨዋታው ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ ሊጠና የሚገባው ይህ ነው።

አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ገና ያለ ሜዳ አይኖርም። ፎገራ ደግሞ ሜዳ ነበረው። በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት ዝርያ በዚህ ምድር የበረከተው ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ሣር ሰፊ ስለነበረ ነው። ከብት ባለበት እረኛ አለ፤ እረኛ ባለበት ዱላና ሰፊ መሬት አለ። ጨዋታውን ያቆዩት እነዚህ ናቸው።

ዱላና ኳስ በሌላው ዓለም ሌላ መንገድ ሄደዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ብላክሂዝ የሚባለው የለንደን ክለብ ሆኪ ሲጫወት ኳሱ ባለ አራት ማዕዘን የጎማ ቁራጭ ነበር። ያን ጊዜ የእንግሊዞቹ ጨዋታ ከገና እምብዛም የሚርቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1886 የእንግሊዝ የሆኪ ማኅበር ተቋቋመና ሕጉ አንድ ወጥ ሆነ፤ የብሪታንያ ጦርና ትምህርት ቤቶችም ጨዋታውን በየቅኝ ግዛቱ አዳረሱት።

ሆኪ በጎረቤታችን ኬንያ ሥር እንዲሰድ ያደረጉት በተለይ የሕንድ ተወላጆቹ ናቸው። በአቭታር ሲንግ ሶሃል አምበልነት የሚመራው የኬንያ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1971 ባርሴሎና ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ አራተኛ ወጣ። ለአፍሪካ ቡድን ይህ ዛሬም የሚያስደንቅ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ናይሮቢ አራተኛውን የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች ስታስተናግድ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውድድሮቹ ተርታ ገባ፤ የወንዶቹን ወርቅም ባለሜዳዋ ኬንያ ወሰደችው፤ በዓመቱም ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ1991 ካይሮ ላይ ግብፅ፣ በ1995 ሐራሬና በ1999 ጆሃንስበርግ ላይ ደቡብ አፍሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 አቡጃ ላይ እንደገና ግብፅ አሸነፉ። ከዚያ ሆኪ ከጨዋታዎቹ ወጥቶ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አክራ ላይ ተመለሰ።

በዚህ የአሸናፊዎች መዝገብ ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። እሷ በአህጉሩ መድረክ ስሟን ያስጠራችው በሩጫ ነው፤ ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1973 ሌጎስ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ያገኘው ወርቅ ለዚህ አንዱ ምስክር ነው። ሆኪ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ዱላና ሩር ይዞ የሚሮጥ ሕዝብ ያላት አገር በዚህ ጨዋታ ባዶ እጇን መቅረቷ ያስቆጫል። ችሎታ ጠፍቶ አይደለም። ገና በዓመት አንድ ሰሞን ተጫውተውት የሚቀመጥ የበዓል ጨዋታ ሆኖ ኖረ፤ ክለብ፣ የትምህርት ቤት ቡድንና ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ውድድር አልነበረውም። በኋላ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ተቋቁሞ ገናን ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር ደንብ አውጥቶለት በአገር አቀፍ ደረጃ ማወዳደር ጀመረ። ጥሩ ጅምር ነው፤ የመጣው ግን ሜዳው ራሱ መጥበብ ሲጀምር ነው።

ፎገራ ላይ ሜዳውን ያጠበበው ሩዝ ነው። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ወደዚህ አካባቢ አመጡ፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከገበሬው እጅ አልጠፋም። ውኃ ተኝቶበት ለግጦሽ ብቻ ይውል የነበረው መሬት እህል ማብቀል ጀመረ፤ ሩዙ ሲነሣ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። የፎገራዋ ከተማ ወረታ ዛሬ የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ ናት። ሩዙ ብዙ ቤት አቅንቷል፤ ማንም አይጸጸትበትም። ነገር ግን የወል ግጦሹ ሲሸራረፍ የፎገራ ከብት ቁጥር ተመናመነ፤ ለልደት ሰሞን ጓያው በቅሎ በቆመበት ማሳ ላይ ደግሞ ሩር የሚመታ የለም።

ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው አስፋልት ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ ከሚሄደው መንገድ ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። የጎረቤት ወረዳዎቹ የደራ፣ የሊቦ ከምከምና የፋርጣ የገና ቡድኖች ጧት ተነሥተው በጊዜ ሊደርሱባት ይችላሉ። ቀበሌዎቹ ከቀረው የወል መሬት አንድ ቁራጭ ለልደት ሰሞን ከልለው ቢያቆዩና የየወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤት ዳኛና የውድድር መርሐ ግብር ቢመድብ፣ ዱላውን ወጣቱ ከየወይራው ይቆርጣል፣ ሩሩን ጠርቦ የሚያስተምር አዛውንትም በየመንደሩ አይታጣም።