«ጥይት መንከስ»፦ የአንድ አባባል ወታደራዊ አመጣጥ
እንግሊዞች አንድ ሰው የማይቀርለትን መከራ በጽናት ሲቀበል «ጥይቱን ነከሰ» ይላሉ፤ አባባሉ በአማርኛ «ጥርሱን ነክሶ ቻለ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ምንጩ የጦር ሜዳ ቀዶ ሕክምና እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ዊሊያም ሞርተን እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን ኤተርን በይፋ ከማሳየቱ በፊት እግሩ የሚቆረጥ ቁስለኛ የእርሳስ ጥይት ይነክስ ነበር ይባላል።

ይሁን እንጂ ቀደም ያለው የጽሑፍ ማስረጃ የሚያመለክተው ቀዶ ሕክምናን ሳይሆን ግርፋትን ነው። የፍራንሲስ ግሮስ የተራ ሕዝብ አነጋገር መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1796 በወጣው እትሙ፣ ሲገረፍ የሚጮህ ወታደር በዘማሪ ወፍ ስም ይጠራ እንደነበር ያስረዳል። በአንዳንድ ክፍለ ጦሮች አለመጮህ የክብር ጉዳይ ስለነበር ወታደሮቹ ጥይት ያኝኩ ነበር። ብሪታንያ በሠራዊቷ ውስጥ ግርፋትን የሻረችው እ.ኤ.አ. በ1881 ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ሩድያርድ ኪፕሊንግ አባባሉን በልብ ወለድ ድርሰቱ ተጠቀመበት።

እንግዲህ ጥይቱ ድምፅን እንጂ ሕመምን አላስቀረም። ዛሬም ጥርሱን ነክሶ ዝም ያለ ሕሙም ሕመም የለበትም ማለት አይደለም፤ የሕመሙን መጠን ጠይቆ መረዳትና ማስታገስ የጤና ባለሙያው ኃላፊነት ነው።