የውሃ አጥር፣ የንጉሥ ደጅ

ከሮቢት ተነስቶ ጎብዬን፣ ወልድያን፣ መርሳንና ውጫሌን አልፎ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ፣ ደሴ ሊገባ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው በግራው በኩል ሰፊ ውሃ ያገኛል። የሐይቅን ከተማ ብዙዎቻችን የምናውቃት በዓሳዋና በምሳ ማረፊያነቷ ነው። ሾፌሩ ጥሩምባ ሲያሰማ ተጣድፈን እንሳፈራለን፤ ከውሃው ዳር ያለችውን ዛፍ የለበሰች ጉብታ ዞር ብሎ የሚያያት ጥቂት ሰው ነው። ያቺ ጉብታ ግን ሐይቅ እስጢፋኖስ ናት። ለሦስት መቶ ዓመት ገደማ በአገራችን የቤተ መንግሥት ፖለቲካ ውስጥ ድምፅዋ ከማንም መኳንንት ድምፅ ያላነሰ ነበር።

ዛሬ ከየብሱ ጋር ስለተያያዘች በእግር ይገባባታል። በዘመኗ ግን በውሃ የተከበበች ደሴት ነበረች። የራሷ አለቃ፣ የራሷ ሥርዓት፣ የራሷ መሬትና የራሷ መዝገብ ነበራት። ራሳቸውን ስለሚያስተዳድሩ ትናንሽ ደሴቶች ሲወራ ሐሳባችን ወዲያው ወደ ሩቅ ባሕር ይሄዳል፤ የእኛው ምሳሌ ግን እዚሁ ወሎ ውስጥ፣ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል በሚሰፋ፣ እስከ 88 ሜትር በሚጠልቅ ውሃ ላይ አለ። በዚያን ዘመን የእኛ የራያ ቆላ የአንጎት ግዛት ሲሆን፣ ከደቡባችን ደግሞ ቤተ አማራ ነበረ። ስለዚህ ታሪኩ የጎረቤት ታሪክ ነው፤ ለራያ ልጅም ባዳ አይደለም።

የአካባቢው ሰው ስለ ውሃው አፈጣጠር የሚያወራው አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበድላ ብታለቅስ፣ እግዚአብሔር ተቆጥቶ ዙሪያውን ወደ ውሃ ለወጠው፤ ሴቲቱ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ደሴቱም እሱ ነው ይላሉ። በኋላ ለነገሥታት አማካሪ የሆነው ቦታ፣ በሕዝብ አፍ ከባለሥልጣን ግፍ ማምለጫ ሆኖ መወለዱን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከውሃው በላይ ባለው ተራራ ላይ ንጉሥ ድልነዓድ ደብረ እግዚአብሔር የተባለ ቤተ ክርስቲያን መሥራቱን ትውፊት ይናገራል። ጥርት ያለው ታሪክ የሚጀምረው ግን እ.ኤ.አ. በ1248 አባ ኢየሱስ ሞዓ ሲመጡ ነው። የዳኅና ተወላጅ ናቸው። በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ተምረው፣ እንደ ገድላቸው አነጋገር መጽሐፍ እየጻፉ ኖረው፣ ከዚያ ወደ ሐይቅ ወረዱ። ደሴቱን የመነኮሳት ብቻ አደረጉት፤ ሴት እንዳትገባ የተደነገገው ዛሬም ጸንቷል። ማኅበር ሰበሰቡ፣ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከደቀ መዛሙርታቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይገኙበታል። በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን መሠረቱ የሚባሉት አባ ሒሩተ አምላክም የሐይቅ ልጅ ናቸው። አንዱ ደሴት ሌላውን ደሴት ወለደ ማለት ነው።

በዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን ሥርወ መንግሥት ገልብጦ ነገሠ። በትውፊቱ ንጉሡ የኢየሱስ ሞዓ ተማሪ ነበር። ለሰሎሞናውያን ነገሥታት ወደ ዙፋን መመለስ ማን አማለደ በሚለው ላይ ግን የሐይቅና የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አልተስማሙም። የሐይቅ ወገን አባታችን ኢየሱስ ሞዓ ናቸው ሲል፣ የደብረ ሊባኖስ ወገን ተክለ ሃይማኖት ናቸው አለ። ሲሶ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ የሚለው ዝነኛ ወሬም በዚሁ ክርክር ውስጥ ያደገ ነው። ይህን ክርክር የገዳማት ቅናት ብሎ ማለፍ አይገባም። የርስትና የማዕረግ ክርክር ነው፤ ንጉሡን ያነገሠው ገዳም የንጉሡን ጆሮ ያገኛልና።

ሐይቅ ጆሮውን አገኘ። የገዳሙ አበምኔት ዓቃቤ ሰዓት ተባለ፤ ማዕረጉም ከንጉሡ አጠገብ የሚያቆም ሆነ። የአበምኔቶቹን ቅደም ተከተል ከሁሉ አስተካክለው ያጠኑት ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት ከ1248 እስከ 1535 ድረስ ያሉትን አበምኔቶች ተከታትለዋል። ያንን ተከትሎ ያነበበ ሰው አንድ ነገር ይገነዘባል። ደሴቱ ራሱን ያስተዳደረው በውሃው ብቻ አልነበረም፤ ቤተ መንግሥቱ የሚፈልገው ነገር በእጁ ስለነበረ ነው። ጸሎት፣ ምክር፣ የተማረ ሰው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የንግሥናው ሕጋዊነት ከዚያ ይወጣ ነበር።

ይህ የሐይቅ ብቻ ዕጣ አይደለም። በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ሳርክ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት እ.ኤ.አ. በ1565 ለአንድ ባላባት ስትሰጥ፣ ደሴቷን የሚጠብቁ 40 ወንዶች እንዲያሰፍርባት አስገድዳዋለች። በዚያ ውል መሠረት ሳርክ በባላባቷ ሥር እስከዚህ ክፍለ ዘመን ቆየች፤ በአዲስ ሕግ ምክር ቤቷን በሙሉ የመረጠችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ሳርክ በጠመንጃ ያዥ ከፈለች፤ ሐይቅ በጸሎትና በምክር።

አስተዳደሩ ከቅርብ ሲታይ ምን ይመስል ነበር? ለዚህ አንዱን መጽሐፍ ማየት ይበቃል። ኢየሱስ ሞዓ እ.ኤ.አ. በ1280 እና 1281 መካከል ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል አለ። በውስጡ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ይታያል። ከቅዱስ ቃሉ ሌላ፣ ባዶ በቀሩት ገጾች ላይ የገዳሙ የመጻሕፍት ዝርዝርና የነገሥታት ማስታወሻ ተጽፎበታል። በአገራችን ገዳማት ወንጌል የሚሳለሙት ብቻ አይደለም፤ የመሬት ስጦታ፣ የንብረት ዝርዝርና የስምምነት ቃል የሚመዘገብበት መዝገብ ቤትም ነው። ከወንጌል ላይ የሰፈረን ቃል የሚያፈርስ ሰው ውግዘት ይጠብቀዋል። ፖሊስና ፍርድ ቤት በሌለበት ቦታ ይህ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ገዢው ቢቀየርም ብራናው አይቀየርም።

ውስጣዊ ሥርዓቱን የአንድነት ገዳም የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በአበምኔቱ ሥር መጋቢው ቀለቡን ይዞ፣ ዕቃ ቤቱ ንዋየ ቅድሳቱን ጠብቆ፣ ማኅበሩ በአንድ ማዕድ ይበላል፤ የግል ንብረት የሚባል የለም። እኛ ራያዎች ራሳችንን ያስተዳደርነው በሌላ መንገድ ነው። ደም የተቃባ ሰው በዘወልድ ሽማግሌዎች ይታረቃል፤ የጎሊናና የሆርማት ጎርፍ ወደ ማሳ ሲጠለፍ ተራው በአፍ በተነገረ ደንብ ይጠበቃል። ማኅተምም ብራናም የለውም። ንጉሥ ያልሰጠውን ሥልጣን ደግሞ ንጉሥ መንጠቅ ይቸግረዋል፤ ራያ በ1935 ዓ.ም. በቀዳማይ ወያነ አመፅ ውስጥ ሲነሳ ያሳየውም ይህንኑ ነው። የሐይቅ ሥልጣን ከዚህ ይለያል፤ ከንጉሥ ጋር በውል የታሰረ ነበር። ኃይሉም ድካሙም እዚያ ላይ ነው።

ድካሙ ቶሎ ታየ። በዐፄ ዳዊት ዘመን ቅዳሜን ከእሑድ እኩል እናክብር የሚሉት የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ከጳጳሱ ከአባ በርተሎሜዎስ ጋር ተጣሉ። የሐይቁ ዓቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ከጳጳሱ ወገን ቆሙ። የኤዎስጣቴዎሳውያኑ መሪ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ታሰሩ፤ የታሰሩትም በሐይቅ ደሴት ላይ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። ከዓለም ለመራቅ የተመረጠው ውሃ የሌላውን መነኩሴ ማሰሪያ ሆነ። ራሱን ያስተዳድር የነበረው ማኅበር የመንግሥት ወህኒ ጠባቂ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1404 ንጉሡ ራሳቸው እስረኛው እንዲፈቱና ተከታዮቻቸውም በሥርዓታቸው እንዲኖሩ አዘዙ። ከዚያም ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜን አጸኑ። ሐይቅ የቆመበት ወገን ተሸነፈ ማለት ነው፤ ማዕረጉ ግን አልተነካም። ንጉሡ ሐሳቡን ሲለውጥ ዓቃቤ ሰዓቱም አብሮ መሄድ ነበረበት።

በእኔ ግምት የደሴቱ ነፃነት የሚያበቃው እዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደሚባለው በግራኝ ዘመን አይደለም። በዘርዓ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ንጉሡን ፊት ለፊት ከሚያዩ ጥቂት ሰዎች አንዱ ዓቃቤ ሰዓቱ እንደነበረ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። በሩን የሚጠብቅ ሰው ከበሩ ሊርቅ አይችልም። አበምኔቱ ኑሮው ከንጉሡ ተንቀሳቃሽ ከተማ ጋር ሆነ፤ ልቡ ደሴቱ ላይ ቢሆንም እግሩ ሰፈሩ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1478 ሕፃኑ እስክንድር ሲነግሥ፣ አገሪቱን በሞግዚትነት የያዙት እናቱ ሮምና፣ ቢትወደድ ዐምደ ሚካኤልና ዓቃቤ ሰዓት ተስፋ ጊዮርጊስ ነበሩ። ውሎ አድሮ ሥልጣኑን ጠቅልሎ የያዘው ግን ጦር ያለው ዐምደ ሚካኤል ነው። መነኩሴው ከፍ ብሎ በወጣበት መሰላል ላይ የሚደግፈው የራሱ ሰው አልነበረውም።

ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችንን ሲያቋርጥ ስለዚህ ውሃና በመካከሉ ስላለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ጽፏል። ሎሚና ብርቱካን የሞላበት፣ ብዙ መነኮሳት ያሉበት ቦታ ነው ያየው። ሰላም ይመስላል። ብዙ ሳይቆይ ግን የኢማም አሕመድ (ግራኝ) ጦር ቤተ አማራን አቃጥሎ እ.ኤ.አ. በ1531 ከውሃው ዳር ደረሰ። ፉቱሕ አል ሐበሻ የተባለው የዘመቻው መጽሐፍ፣ ሠራዊቱ መሻገሪያ ታንኳ እያዘጋጀ ደሴቱን እንደከበበና በመጨረሻ መነኮሳቱ ሀብታቸውን አስረክበው እንደተደራደሩ ይተርካል። ውሃው አላዳናቸውም። የሚከላከልላቸው ንጉሥ ልብነ ድንግልም ራሱ በሽሽት ላይ ነበር። በንጉሥ የቆመ ነገር ንጉሥ ሲናወጥ አብሮ ይናወጣል።

እዚህ ላይ የአቶስን ተራራ ማሰብ ይጠቅማል። በግሪክ ባሕር ውስጥ የተዘረጋ፣ እንደ ሐይቅ ሁሉ ሴት የማይገባበት የመነኮሳት ምድር ነው። የመጀመሪያውን ሥርዓት ከቢዛንታይኑ ንጉሥ እ.ኤ.አ. በ972 ገደማ አገኘ። ቢዛንታይን ወደቀ፤ ቱርክ ገባ፤ አቶስ ለአዲሱ ገዢ ግብር እየከፈለ በሥርዓቱ ቀጠለ። ዛሬ 20 ገዳማት እያንዳንዳቸው አንድ ወኪል ወደ መዲናቸው ካርዬስ ይልካሉ፤ የግሪክ ሕገ መንግሥትም በ105ኛው አንቀጹ ራስ ገዝነታቸውን ያውቃል። ልዩነቱ ይገባኛል። በአቶስ ሥልጣኑ በሃያ ቤቶች ተከፋፍሎ በምክር ቤት ይኖራል፤ በሐይቅ ግን በአንድ ሰው ማዕረግ ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ ያም ሰው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። የነገሥታቱ መቀመጫ ወደ ጣና ዙሪያ ሄደ፤ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ከተሙ። የመነኮሳቱ አለቅነት በደብረ ሊባኖስ እጨጌ እጅ ገባ። የዓቃቤ ሰዓት ማዕረግ ሳይጠፋ ከሐይቅ ተለይቶ ጎንደር ቀረ። ጀምስ ብሩስ በጎንደር ስላገኘው ስለ ዓቃቤ ሰዓት አባ ሰላማ ጽፏል፤ ራስ ሚካኤል ስሑል የሰቀሉት ሰው ነው። ከደሴት ተነስቶ በገመድ ያበቃው ይህ ማዕረግ፣ ከባለቤቱ ከገዳሙ ሲለይ ምን ያህል ባዶ እንደሚሆን ያሳያል።

ገዳሙ ግን ኖረ። እንደ ታሪክ ተማሪ የሚያስገርመኝም ይኸው ነው። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ በዙሪያው የየጁና የወሎ መሳፍንት ተነሱ፤ አምባሰል በጃንጥራሮቹ ሥር ራሷን ቻለች፤ የውሃው ዳርቻ ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ሆነ። ንጉሥ የማያስታውሰው፣ ጦር የሌለው የመነኮሳት ማኅበር ከተሁለደሬ ገበሬዎች ጋር ተጎራብቶ መኖር ነበረበት። እንጨቱም እህሉም ከየብሱ ይመጣል። ስለዚህ ጊዜ የተጻፈው እጅግ ትንሽ ነው፤ የታደሰ ታምራት ጥናትም በ1535 ይቆማል። ለእኔ ከዓቃቤ ሰዓቶቹ ዝና ይልቅ የሚበልጠው ግን ይህ ረጅም ዘመን ነው። የሐይቅ ማኅበር ያለ ንጉሥ ጥበቃ፣ በጎረቤት ስምምነት ብቻ ራሱን ሲያስተዳድር የምናየው እዚያ ነውና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የገዳማት መሬት ሁሉ ወደ ሕዝብ ዞረ። ለአገሩ ገበሬ ተገቢ ፍርድ ነበር፤ በቆላችንም ብዙ ጭሰኛ የተነፈሰበት ቀን ነው። ለገዳሙ ግን የመጨረሻው የገንዘብ ክር ተበጠሰ። በዚያው አሥርት ዓመት የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ፕሮጀክት የገዳሙን መጻሕፍት ፎቶ አነሳ፤ የኢየሱስ ሞዓ ወንጌልም በቁጥር 1832 ተመዝግቦ ቅጂው አዲስ አበባና ሚኒሶታ ተቀመጠ።

አሁን የተሁለደሬ ወረዳ የውሃውን ዳርቻና ዓሣ አስጋሪውን ያስተዳድራል። ማን እንደሚመነኩስ፣ ማን መጋቢ እንደሚሆን፣ ዕቃ ቤቱን ማን እንደሚከፍት የሚወስነው ማኅበሩ ነው። ውሃው ሸሽቶ ደሴቱ ከየብስ ከተያያዘ ወዲህ ግን የድንበሩ ጥያቄ ይበልጥ ይከብዳል። ወደ ገዳሙ የሚወስደው አንገት የሚመስለው መሬት፣ ዳርቻው ላይ የሚሠራው ሆቴል፣ የሚቆረጠው ዛፍ፣ ውሃው የሚሸሽበት ምክንያት፣ ሁሉም ወረዳውና ማኅበሩ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ነገር ነው። ንግግሩ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራንና ከዳርቻው የሙስሊም ሽማግሌዎች ውጭ ሊሆን አይገባም። የሚስማሙበትንም በጽሑፍ ያስፍሩት፤ ለዚያ ብራና የሚሆን ባዶ ገጽ ገዳሙ ውስጥ ድሮም ነበረ።